አየር የማታስገባዋ ጀልባ

በግሮሆልመን ደሴት ላይ ኤይለርት የማይንቀው ሰው ብታገኙ ንገሩኝ። ቄሱን ይንቃል፤ ድምፁ ቀጭን ነው ብሎ። ይሠራበት የነበረውን መርከብ ካፒቴን ይንቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ክፍል ውስጥ ዘይት ለዘይት ሲለወስ የኖረው ኤይለርት ሆኖ ሳለ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ለተሳፋሪ ጥርሱን የሚያሳየው ካፒቴኑ ስለነበር። በበጋ ከከተማ የሚመጡትን እንግዶችማ ተዉት። ብርቱካናማ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ገና ከወደቡ ሲወርዱ ሲያይ እንትፍ ይላል።

ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን የፕላስቲክ ጀልባ ነው። «የዕቃ ማጠቢያ ሳህን» ይላታል። እዚህ ሰሜን ኖርዌይ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ዛሬ የፕላስቲክ ጀልባ የሌለው ማን አለ? መላው ደሴት አለው። ስለዚህ ኤይለርት መላውን ደሴት ይንቃል፤ ንቀቱንም አንድ ቀን ደብቆ አያውቅም።

እሱ የእንጨት ጀልባ እየሠራ ነበር። ጡረታ ከመውጣቱ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከቤቱ ቁልቁል ባለው የጀልባ ቤት ውስጥ ጀመራት። ጥዱን ራሱ ቆረጠ፣ ራሱ ፈለጠ፣ ራሱ አደረቀ። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። በጀመረ ጊዜ የተወለዱ ሕፃናት ትምህርት ቤት ገቡ፤ ጀልባዋ ግን እዚያው እንጨቷ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ደሴቱ ሳቀበት።

«ኤይለርት፣ ውሃ የምትነካው አንተ ሳትቀበር ነው ወይስ ከተቀበርክ በኋላ?» ይሉታል።

«እናንተ ከሰመጣችሁ በኋላ» ይላቸዋል።

የሚኮራባት አንድ ነገር ነበር፤ ጥብቀቷ። እዚህ አገር ሰው ከልደቱ እስከ ሞቱ ከነፋስ ጋር እንደተጣላ ነው። የግድግዳውን ስንጥቅ ይደፍናል፣ መስኮቱን ይወትፋል፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ይዘጋል። ኤይለርት ደግሞ ከሁሉም የባሰበት ነበር። በጣውላና በጣውላ መካከል ሬንጅ የጠጣ ቃጫ ጠቀጠቀ፤ የጀልባዋን ጓዳ በር ዙሪያውን ጎማ አለበሰው፤ መስታወቶቹን ሁለት ጊዜ አሸገ። ጣሪያ የሚነቅል ነፋስ ሲነሳ ሻማ ለኩሶ ጓዳዋ ውስጥ ያቆምና፣ የጀልባ ቤቱን ሁለት በሮች ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ አላፊ አግዳሚውን እየጠራ በመስታወቱ ያሳያል።

«እዩ! ነበልባሉ ይነቃነቃል? ይነቃነቃል ወይ?»

አይነቃነቅም። ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«እናንተ ቤት ሻማ እንዲህ ይቆማል? አይቆምም! በሉ ሂዱ፣ ብርሃን አትከልክሉኝ» ብሎ ያባርራቸዋል።

ይህን ጉድ ያላየች አንዲት ሰው ብትኖር ሚስቱ ዮሩን ነበረች። የጀልባ ቤቱ ከወጥ ቤቷ መስኮት ፊት ለፊት ይታያል፤ እሷ ግን ጀልባዋ የተጀመረች ሰሞን ወፍራም መጋረጃ ገዝታ ሰቀለችበትና ከዚያ በኋላ ገልጣው አታውቅም። ምክንያት ነበራት። ገና በተጋቡበት ዓመት ኤይለርት በአባቱ ክፍት ጀልባ መረብ ሊያነሱ ይዟት ወጣ። መሃል ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደባቸው። «እንመለስ፣ እጄ ደነዘዘ» አለችው። «መረቡ ይቅደም» አላት። መረቡ ቀደመ። ከዚያ ቀን ወዲህ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ትንሽ ብርድ ሲነካቸው እንደ ኖራ ነጭ ብለው ይቀራሉ። ነገሩን ዳግመኛ በአፏ አንስታው አታውቅም። ብቻ እሱ «ጀልባ» ባለ ቁጥር ሁለቱን ጣቶች ቀጥ አድርጋ ታሳየዋለች፤ እሱም ንግግሩን ይውጣል።

ለማንም አልተናገረም እንጂ ያቺን ጀልባ የሚሠራት ለእሷ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ከደሴት ደሴት እየዞሩ፣ ሞቅ ባለች ጓዳ ውስጥ ዓሣቸውን ቀቅለው እየበሉ፣ ያንን የመረብ ቀን እንድትረሳው ፈልጎ ነው። «በድዬሻለሁ» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ግን የኤይለርት አፍ ለስድብ እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር አልተፈጠረም። ጀልባ መሥራት ቀለለው፤ እንግዲህ አስቡት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ዮሩን ድንች እየላጠች «ፋሲካን እህቴ ጋ ነኝ» አለች። እህቷ ከባሕሩ ማዶ ትኖራለች፤ ዮሩን በየዓመቱ በሕዝብ መርከብ ነው የምትሻገረው።

«በጀልባችን እንሂዳ» አላት ኤይለርት።

«በየትኛዋ?»

«በእኛይቱ።»

«እኛ ጀልባ የለንም። አንተ ነህ ያለህ።» ሁለቱ ጣቶች ተነሡ።

ኤይለርት የዛሬን ግን ንግግሩን አልዋጠም። «ሞቃት ነው የማደርጋት» አላት።

«በምን? በጉራህ?»

«ምድጃ አስገባባታለሁ።»

ዮሩን ቢላዋውን አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ የተበላሸ ዓሣ ሲያመጡባት እንደምታየው። «አንዴ» አለች በመጨረሻ። «አንዴ ብቻ እገባለሁ። ከበረደኝ ግን፣ ኤይለርት፣ ሁለተኛ እግሬ አይረግጣትም። አንተም እስክትሞት ድረስ እዚህ ማዕድ ላይ ጀልባ የሚል ቃል አትተነፍስም።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

እንግዲህ ኤይለርት ሥራ ያዘ። ወደቡ ዳር ተጥሎ የቆየ ድብልብል የብረት ተንሳፋፊ፣ ዓሣ አጥማጆች ድሮ መረብ የሚያንጠለጥሉበትን፣ እያንከባለለ አመጣ። አፍ ቆረጠለት፣ እግር በየደለት፣ መዝጊያ አበጀለት፤ ሆዳም ምድጃ ሆነ። ወሬው ደሴቱን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በማግስቱ መምህር ሃልፍዳን መጣ።

መምህሩ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አንድ ነገር ማስረዳት ከጀመረ አያበቃም፤ እውነቱን ሲናገር እንኳ ያሰለቻል። የፕላስቲክ ጀልባ አለው። ተገዝቶ የተገጠመ፣ በነዳጅ የሚሠራ ማሞቂያም አለው።

«ለምን እንደኔ አትገዛም?» አለው። «ቁልፉን ትጫናለህ፣ አለቀ፣ ይሞቃል።»

«እንደ ፀጉር ማድረቂያ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ? እኔ ጀልባ ነው የሠራሁት፤ ፀጉር ቤት አልከፈትኩም።»

መምህሩ ሳቀና ቁጭ ብሎ ማየት ጀመረ። ኤይለርትን ጨንቆታል። ለጭስ ማውጫው የጓዳዋን ጣሪያ መብሳት ነበረበት፤ ያ ሁሉ ዓመት የደፈነውን እንጨት አሁን በገዛ እጁ ሊበሳው። መጋዙን አነሳ፣ አስቀመጠ። ቡና ጠጥቶ ተመለሰ። እንደገና አነሳ። «ምን አባቱ!» አለና ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረው። ሲጨርስ የጭስ ማውጫውን አቁሞ ዙሪያውን በቆርቆሮና እሳት በማይበላው ገመድ አሸገው፤ ጠብታ ውሃ እንኳ እንዳያልፍ።

«ያምራል» አለ መምህሩ። «አየሩስ በየት ይገባል?»

«የምን አየር?»

«እሳቱ የሚበላው ነዋ። ጭሱ በላይ ሲወጣ በታች የሚተካው አየር ያስፈልጋል። እዚህ ጋ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ጡጫ የምታክል ቀዳዳ ብትበሳ... መሰርሰሪያዬን ይዤልህ መጥቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አየር ማለት—»

የኤይለርት ደም ፈላ። «ስማ! ስንት ክረምት አየር እንዳይገባ ስደፍን ኖሬ፣ ዛሬ አንተ ጠመኔህን ይዘህ መጥተህ ብሳ ትለኛለህ?»

«እኔ እኮ ለዮሩን ብዬ—»

«ዮሩን ይብረዳት ነው የምትለው? አንተ በሳህን ላይ የምትሄድ ሰው ነህ። ሂድና ለልጆች ቁጥር አስተምር!»

«ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«እንግዲያው ጡረታህን ተቀመጥ!»

መምህሩ መሰርሰሪያውን ታቅፎ ሄደ። ኤይለርት ያኔውኑ ምድጃውን ለኮሰ። እንጨት ሊያመጣ ሲወጣና ሲገባ የጓዳዋ በር ክፍት ነበር፤ ምድጃውም እንደ ጎረምሳ ተነፈሰ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ በጣሪያው ወጣ። ኤይለርት እየሮጠ ወደ መምህሩ መስኮት ሄደ። «ና ውጣና እይ! ያለ ትምህርትህ ይነዳል!» ብሎ ጮኸበት። በሩ ክፍት ስለነበር መሆኑን ማን ይንገረው? ለነገሩ ተነግሮታል።

የፋሲካ ሰሞን ጀልባዋ ውሃ ላይ ወረደች። ደሴቱ ወጥቶ አየ፤ አንድም ጠብታ አላስገባችም። የሚስቁባት ሁሉ ለጊዜው ዝም አሉ። በማግስቱ ዮሩን ሁለት የሱፍ ሹራብ ደራርባ፣ በቅርጫት ፔርሙስና ቡናማ አይብ ያለበት ዋፍል የሚሉት ቂጣ ይዛ፣ የሹራብ ክሯንም በብብቷ ሸጉጣ ወደ ወደቡ ወረደች። የራሷን የሸክላ ሲኒም ይዛለች፤ «በቆርቆሮህ አልጠጣም» ብላ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ በረዶና ዝናብ የተቀላቀለ ነገር ከጀርባ ይነፍሳል። ያኔ የመረቡ ቀን የነበረው ዓይነት።

ጓዳዋ በር ላይ ቆማ ውስጡን ቃኘች። «ጠባብ ነው።»

«ጀልባ ነዋ።»

«ሬንጅ ሬንጅ ይላል።»

«ጀልባ ነው አልኩሽ እኮ።»

ገብታ ተቀመጠች። ኤይለርት ቀኑን ሙሉ እንዲይዝለት ብሎ ፍሙ ላይ ከሰል ጨመረበትና፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ በሩን ከውጭ ግጥም አድርጎ ዘጋ። እሱ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ከኋላ ሆኖ መሪውን ይዞ፣ በበሩ መስታወት ያያታል። ትንሽ እንደሄዱ ዮሩን የላይኛውን ሹራብ አወለቀች። ቆየችና የታችኛውን አወለቀች። ኤይለርት ወደ በሩ ጎንበስ አለ። መስታወቱን በጥፍሩ መታ መታ አደረገና «ሞቀሽ?» አላት።

ዮሩን ቀና ብላ አየችው። አልሳቀችም፤ እሷም እንደሱ ናት። ግን ሁለቱን ጣቶች አነሳችለት። ቀይ ነበሩ፤ ደም የሞላባቸው፣ እንደ ሌሎቹ ጣቶቿ። ኤይለርት ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ። እዚያ ሩቅ ከኋላ የመምህሩ ሳህን ትመጣለች። «ተከተለን፣ ይማር!» አለ ለራሱ፤ ደስ ብሎት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሩ ከውስጥ ተንኳኳ። «ራሴን አመመኝ።»

«ባሕሩ ነው። አልለመድሽውም።»

«ባሕሩ አይደለም። እስቲ በሩን ክፈተው።»

ትንሽ ገርበብ አደረገው። በረዶው ግር ብሎ ገብቶ ጉልበቷ ላይ ተበተነ። ኤይለርት ደነገጠ፤ ከበረዳት አለቀለት። መልሶ ግጥም አደረገው።

«ኤይለርት፣ ክፈት!»

«ይበርድሻል! ትንሽ ቻይው፣ ደረስን እኮ!»

ዮሩን በመስታወቱ አየችው። ያንን መልክ ያውቀዋል። ያኔም «መረቡ ይቅደም» ሲላት እንዲህ ነበር ያየችው። «አንተ ግትር!» አለችው፤ ጀርባዋን ሰጥታው ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዝም አለች።

ዝም ስትል አልገረመውም። እዚህ ደሴት ላይ ሰው የሚጣላው በዝምታ ነው፤ ሲጮህማ ተራ ወሬ እያወራ ነው። ዮሩን ደግሞ የዝምታ ቁንጮ ናት። አንድ ጊዜ በመጋረጃው ቀለም ተጣልተው ከገና ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ አንዲት ቃል አልወጣትም። «ኩረፊ» አለ ኤይለርት ለነፋሱ። «ሞቆሽ መኩረፍሽን ነው እኔ የምፈልገው።» መሪውን ይዞ ቀጠለ። ቀጠለ እንጂ! ሚስቱን ጀርባዋን እያየ፣ ማሸነፉን እያሰበ።

አንድ ትልቅ ማዕበል ከጎን መጥቶ ጀልባዋን አጋደላት። ከጓዳዋ ውስጥ የሲኒ መሰበር ተሰማ። ኤይለርት አንገቱን ሰብሮ ስድቡን ጠበቀ። «ዕውር! መሪ ነው የያዝከው ወይስ አካፋ?» ወይም እንደዚህ ያለ ነገር። ስድቡ አልመጣም። በትዳራቸው ዘመን ዮሩን ኩርፊያ ላይ ሆናም ቢሆን የተሰበረ ዕቃ በዝምታ አሳልፋ አታውቅም። ኤይለርት ክው አለ።

መሪውን ጥሎ በሩን ያዘ። በሩ እምቢ አለው፤ ያ የኮራበት ጎማ ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። በሁለት እጁ ጎትቶ ገነጠለው። የታመቀ ትኩስ አየር ፊቱን መታው፤ ጭስ እንኳ አልነበረውም፤ የፋመው ከሰል በማይታይ መርዙ ጓዳዋን ሞልቷታል። ዮሩን ወደ ጎን ተንሸራታ ወድቃለች፤ ክሩ እጇ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። በብብቷ ይዞ እየጎተተ በረዶው ላይ አወጣት። ጀልባዋ መሪ አጥታ ትዞራለች።

«ዮሩን! ዮሩን!» ፊቷን መታ መታ አደረገ። ዓይኗ አልተከፈተም። «ስደቢኝ! ስደቢኝ እንጂ! በእናትሽ፣ ስደቢኝ!»

የመምህሩ ጀልባ ከጎን ተጠጋች። መምህሩ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳያስረዳ «አቀብለኝ» ብቻ አለ። በአንድነት አንስተው አሻገሯት። የፕላስቲኳ ፈጣን ስለነበረች በእሷ ወደ ማዶው ሐኪም ቤት በረሩ፤ የኤይለርት ጀልባ በገመድ ታስራ ከኋላ እየተወዛወዘች ትጎተታለች። ኤይለርት ሳህኑ ወለል ላይ ተንበርክኮ የሚስቱን ፊት ወደ ነፋሱ አዙሮ ይዟል። ማሞቂያው ከጥግ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል። በዚያ መንገድ ላይ ኤይለርት ራሱን እንደናቀ ማንንም ንቆ አያውቅም።

ወደቡ ሊደርሱ ሲሉ ዮሩን አስመለሳት። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች፤ አየችው።

«ሲኒዬን ሰበርከው» አለች።

ኤይለርት እንደ ሕፃን አለቀሰ። መምህሩም ሰው ነውና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ሐኪም ቤት አሳድረዋት ተሻላት፤ ፋሲካን እህቷ ጋ ዋለች። ኤይለርት ደሴቱ ሲመለስ ጀልባዋን ጎትቶ አስገባና የጀልባ ቤቱን በር በሚስማር መታው። ቃሉን ጠበቀ፤ ማዕድ ላይ ጀልባ የምትል ቃል አልወጣችውም። ሌላም ቃል ብዙ አልወጣው። ሰው አይሳደብም፣ እንግዶቹ ሲያልፉ እንትፍ አይልም፤ ደሴቱ ፈራ፣ የታመመ መሰለው። አንድ ቀን ዮሩን ድንች እየላጠች «አልበረደኝም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ውላችን ከበረደኝ ነው። ልትገለኝ ነበር እንጂ አልበረደኝም።»

ኤይለርት ሹካውን አስቀመጠ። «ያን ጊዜም...» አለ። «መረቡን... መመለስ ነበረብን።»

ዮሩን ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ፣ እጇን ጠርጋ፣ ወደ መምህሩ ቤት ሄዳ መሰርሰሪያውን ይዛ መጣች። ቁልቁል ወረደች፤ እሱ ከኋላዋ። ሚስማሩን ነቀለላት። በወፍራም መጋረጃ ጋርዳው የኖረችውን የጀልባ ቤት ደጃፍ አልፋ፣ ጓዳዋ ውስጥ ገብታ ተንበረከከች፤ መሰርሰሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ያንን የተለሰለሰ ጥድ ከሥሩ በሳችው። እንጨቱ ጮኸ። ኤይለርት ከንፈሩን ነከሰ፤ ግን አልቻለም።

«ጠማማ ነው» አለ።

«ጠማማ ነው» አለች ዮሩን። «ምድጃውን ለኩስ።»

ለኮሰ። በሩን ከውስጥ ዘጋችው፤ ሁለቱም ውስጥ ናቸው። ከኪሷ ሻማ አወጣችና ለኩሳ ከቀዳዳው ፊት አቆመችው። ነበልባሉ ጎበጥ አለ፣ ወደ ምድጃው ተንጋደደ።

«እየው» አለችው። «ይነቃነቃል? ይነቃነቃል ወይ?»

«ይነቃነቃል» አለ ኤይለርት።